ሙሴ እና ሰባቱ ኢንች

ጥያቄው ከቶሮንቶ መጣ። «አባዬ፣ የማንበቢያ መሣሪያ ልገዛልህ ነው። የትኛውን ትፈልጋለህ?»

ሳቢያን ያሉት አባት ስልኩን ከዓይናቸው አራቁ፣ አቀረቡ፣ መልሰው አራቁ። መልእክቱን እንደምንም አነበቡት። መልስ ግን አልሰጡም። ግራ ያጋባቸው «የትኛውን» የሚለው ቃል ነው። መጽሐፍ መምረጥ ያውቃሉ። መጽሐፉ የሚነበብበትን ዕቃ መምረጥ ግን በሰባ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው ገጥሟቸው አያውቅም።

ሰፈሩ «ሙሴ» ይላቸዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ስም ሁልጊዜ የነቢዩ አይደለም፤ ፈረንሳዮች ከባቡሩ ጋር ይዘውት የመጡት የ«አቶ» አቻ ነው። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የበቀለችው በሐዲዱ ዳር ነው። ሙሴ ጉልበታቸውን የጨረሱት በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ፣ ቶርኖ ላይ ቆመው ነው። ከዚያ ይዘው የወጡት ሦስት ነገር ነው፦ ጡረታ፣ ፈረንሳይኛ፣ እና እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከሩ ጣቶች። (ይህችን የጣት ነገር ያዟት፤ ኋላ ትመጣለች።)

አራተኛም አለ፤ እሱ ግን የመጣው ዘግይቶ ነው። ግላኮማ። ሐኪሙ የነገራቸው አጭር ነበር፦ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቀው። ሙሴ ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጋሉ። «የቀረው» ስንት እንደሆነ ግን አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ባለው ብርሃን ስንት መጽሐፍ ይነበባል?

ነገሩ የእሳቸው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ትንሽ ስትለዝብ፣ ግቢያቸው ውስጥ ኒሟ ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል። ሁለት ጓደኞች ይመጣሉ። አንዱ ዓይኑን ስኳር በሽታ ወስዶበታል። ሌላው ድሮ ጣቢያው ላይ ጭነት ያወርድ የነበረ ሰው ነው፤ ሶማሊኛና ኦሮምኛ አፍ መፍቻው ናቸው፣ አማርኛም እንደ ውኃ ይጠጣዋል፣ ፊደል ግን አልቆጠረም። በርጫው ይዘረጋል፣ ሻዩ ይቀዳል፣ ሙሴ ያነባሉ። ጮክ ብለው። አማርኛውን እንዳለ፣ ፈረንሳይኛውን እየመለሱ፣ ሲያስፈልግ በኦሮምኛ እያከሉበት። የሙሴ ዓይን ሲደክም ማንበብ የሚያቆሙት ሦስት ሰዎች ናቸው።

*

ከዚህ በፊት አንድ መሣሪያ ተልኮላቸው ነበር። ስሙ ይቅር። ከሁለት ዓመት በፊት ሰው ሲመጣ የመጣ ነው፤ ልጅቷ ጥሩ ነው ሲሏት የገዛችው። ባለ 6 ኢንች፣ ቀላል፣ ቆንጆ። የጎረቤት ልጅ ከቴሌግራም የወረደ የአማርኛ ልብወለድ ጫነበት። ገጹ ተከፈተ። ፊደሉ ጉንዳን አከለ። ለማጉላት ሁለት ጣት መዘርጋት ያስፈልጋል፤ ሲጎላ ደግሞ መስመሩ ከስክሪኑ ያልፋል። ወደ ቀኝ ገፋ፣ ወደ ግራ መለስ፣ አንድ መስመር ወረድ፣ እንደገና ወደ ቀኝ። በዚያ ላይ የሙሴን የሻከረ ጣት ስክሪኑ አንዴ ይሰማዋል፣ ሦስቴ አይሰማውም። ሦስት ገጽ አንብበው ዘጉት። አሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ከሟች ባለቤታቸው ነጠላ ሥር ተኝቷል።

እንግዲህ ልጅቷ በዚህኛው ጊዜ መካስ ፈልጋለች። «ትልቁን ልግዛ አባዬ፣ ባለ 10.3 ኢንቹን። ዋጋ አታስብ።» ዋጋው 400 ዶላር አካባቢ ነው። ዋጋ አታስብ ማለት ደግሞ ቀላል ነው፤ ልጅቷ ቶሮንቶ ውስጥ የምትሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ የሌሊት ፈረቃ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ሙሴ ዶላር በሰሙ ቁጥር በጡረታቸው ያባዙታል። ሲያባዙት ይቆጫቸዋል።

ነገሩን የፈታው ታይዋን ገበያ ስልክ የሚጠግነው የጎረቤት ልጅ ነው። የመጀመሪያውን መሣሪያ የጫነው እሱ ስለሆነ ጥፋቱ ይሰማዋል።

«ሙሴ፣» አለ፣ «ምን እንደምታነብ ንገረኝ።»

(ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። ንቀት አይደለም፤ ቅርበት ነው።)

«መጽሐፍ ነዋ!»

«አቦ እሱን አላልኩህም። መቼ፣ ምን፣ እንዴት ተቀምጠህ፣ ለስንት ደቂቃ? ሳምንት ሙሉ ጻፈው።»

ብዙዎቻችሁ መሣሪያ ስትመርጡ የምትጀምሩት ከመሣሪያው ነው። የቱ ፈጣን ነው፣ የቱ ብዙ ይይዛል፣ የቱ ባለ ቀለም ነው። የልጁ ብልሃት ከሌላኛው ጫፍ መጀመሩ ነው፦ ከሰውየው። አንባቢ ራሱን አውቃለሁ ይላል እንጂ ሲጻፍ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

*

ሙሴ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዝተው በቶርኖ ሠራተኛ ጥንቃቄ መዘገቡ። ከሳምንቱ በኋላ ደብተሩ እንዲህ አለ።

አንደኛ፦ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ለብቻቸው ያነባሉ። ፈረንሳይኛ ነው፣ ብዙ ጊዜ የድሮ ልብወለድ። በዚያ ሳምንት የኤሚል ዞላን «ላ ቤት ዩሜን» ጀምረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1890 የታተመ፣ ስለ ባቡር ነጂ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ዞላ የሞተው በመስከረም 1902 ነው፣ ባቡሩ ድሬዳዋ ከመድረሱ ሦስት ወር ቀድሞ። ሙሴ ይህን ሲያውቁ እንደ ዘመድ ሞት አዘኑ።

ሁለተኛ፦ ከሰዓት በኋላ አማርኛ ነው፣ ጮክ ተብሎ። ምንጩ ሁለት ነው። አንዱ በቴሌግራም የሚዞረው በስልክ ካሜራ የተነሳ ፒዲኤፍ ነው። ሌላው መደርደሪያቸው ላይ ያሉት፣ ከአሁን በኋላ ፊደላቸው የማይታያቸው የራሳቸው መጻሕፍት ናቸው።

ሦስተኛ፦ አቀማመጥ። በግራ ክርን ትራስ ተደግፈው፣ መጽሐፉን በአንድ እጅ ይዘው። ሌላው እጅ ሥራ አለው፤ በርጫ ላይ ያለ ሰው ሁለት እጅ ለመጽሐፍ አይሰጥም።

አራተኛ፦ በስልክ ሲያነቡ ሃያ ደቂቃ ላይ ዓይናቸው ያለቅሳል።

አምስተኛ፦ ማታ መብራት ሲጠፋ ምንም አያነቡም።

ልጁ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ቶሮንቶ ላከው። ከዚያ ማስመሪያ አወጣ።

*

እስቲ ስሌቱን አብረን እንየው፤ ለሌላውም ይጠቅማል።

የኢ-ሪደር ስክሪን እንደ ስልክ ከኋላው አይበራም። ኢ-ኢንክ ይባላል፤ ጥቁርና ነጭ ደቃቅ ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ወደ ላይና ወደ ታች እየሄዱ ፊደል ይሠራሉ፣ ከዚያ ባሉበት ይቆማሉ። ኃይል የሚበላው በዋናነት ገጽ ሲገለጥ ነው። ስለዚህ አንድ ቻርጅ ሳምንታት ይሄዳል፤ መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፊት ለፊት ትንንሽ መብራቶቹ ደግሞ ብርሃኑን የሚያፈሱት ገጹ ላይ ነው እንጂ ወደ ዓይን አይደለም። አራተኛውና አምስተኛው ችግር በዚህ ተፈቱ፤ የፊት መብራት ያለው ኢ-ሪደር ይፈታቸዋል። ግላኮማን አያድንም፣ ዓይንን ግን እንደ ስልክ ላያደክም ይችላል።

ፈረንሳይኛውም ቀላል ነው። እንደ ዞላ ያሉ የባለቤትነት መብታቸው ዘመን ያለፈባቸው መጻሕፍት በፕሮጀክት ጉተንበርግ በነፃ ይገኛሉ፣ በኢፐብ መልክ። ኢፐብ ማለት ፊደሉ ፊደል የሆነ ፋይል ነው። ሲያጎሉት መስመሩ ራሱን ያስተካክላል፣ ከስክሪኑ አያልፍም። ያልገባ ቃል ሲጫኑት መዝገበ ቃላት ይወጣል። የመጀመሪያው ችግርም ተፈታ።

ጣጣው አማርኛው ነው።

የአማርኛ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው በፎቶ ነው። ፒዲኤፍ እንበለው እንጂ ውስጡ ፊደል የለም፤ የፊደል ሥዕል ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው። ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙ ጽሑፍ የተተየበው በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ነበር። የእነዚህን የድሮ አጻጻፎች ፋይል ወደ ኢፐብ ልቀይር ብትሉ የሚወጣላችሁ የላቲን ፊደላት ዝባዝንኬ ነው። ስለዚህ አማርኛ አንባቢ መሣሪያ ሲመርጥ ፈረንሳይኛ አንባቢ የማይጠይቀውን ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ ሥዕሉ ስክሪኑ ላይ ምን ያህል ይሆናል?

ልጁ ከመደርደሪያው አንድ ልብወለድ አውርዶ ለካ። ወረቀቱ 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር ነው። ጽሑፉ ያረፈበት ክፍል ግን 11 በ17 ብቻ ነው፤ ቀሪው ባዶ ጠርዝ ነው።

ባለ 6 ኢንቹ ስክሪን 9 በ12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉው ገጽ እዚያ ሲገባ ወደ 58 በመቶ ያንሳል። ጉንዳኑ የመጣው ከዚህ ነው። ዕቃው አልተበላሸም ነበር፤ ልኩ አልነበረም።

ባለ 10.3 ኢንቹ 15.7 በ21 ገደማ ነው። ሙሉውን ገጽ ልክ እንደ ወረቀቱ ያሳያል። እዚህ ላይ ሙሴ ሳቁ። «ወረቀቱን ያህል? እኔ እኮ ወረቀቱን ማንበብ አልቻልኩም!» ልክ ናቸው። ባዶው ጠርዝ ቢቆረጥ እንኳ ፊደሉ ከወረቀቱ የሚበልጠው በ23 በመቶ ነው።

ባለ 7 ኢንቹ ደግሞ 10.7 በ14.2 ነው። ቆሞ ሲታይ ለፒዲኤፍ ያንሳል። ልጁ ግን አጋደመው። ተጋድሞ ስፋቱ 14.2 ይሆናል፤ ጠርዙ የተቆረጠው 11 ሴንቲ ሜትር ጽሑፍ እዚያ ላይ ሲዘረጋ በ29 በመቶ ያድጋል። መጠኑ 11 የነበረ ፊደል 14 ሆነ ማለት ነው። ትንሹ መሣሪያ ተጋድሞ ከቆመው ትልቁ የበለጠ አጎላ። ዋጋው አንዱ ገጽ በሁለት ጊዜ መነበቡ ነው።

ትልቁም ቢጋደም ከሁሉም በላይ ያጎላል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን ትልቁ በአብዛኛው ከ350 ግራም በላይ ይመዝናል፤ በአንድ እጅ፣ በክርን ተደግፎ፣ ለአንድ ሰዓት ሞክሩት። ሊገዛ የታሰበው ደግሞ የጎን ቁልፍ የለውም፤ ገጹ የሚገለጠው ስክሪኑን በመንካት ነው። የሙሴን ጣት አስታወሳችሁ? ስክሪኑ የማያውቀውን ጣት ቁልፍ ያውቀዋል። ቶርኖ ላይ የኖረ ሰው ቁልፍ መጫን አይማርም።

ምርጫው ጠበበ፦ ባለ 7 ኢንች፣ የጎን ቁልፍ ያለው፣ የሚጋደም፣ የራስን ፊደል መጫን የሚፈቅድ። ቀለምስ? የቀለሙ ንጣፍ ገጹን ትንሽ ያጨልመዋል፤ ለደከመ ዓይን ነጭና ጥቁሩ ይሻላል። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ከአንድ በላይ ኩባንያ አለ፤ ፖኬትቡክም ባለ ቁልፍ ይሠራል። ልጅቷ ግን ያለችው ቶሮንቶ ነው፣ ኮቦ የተመሠረተበት ከተማ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ኮቦ ሊብራ 2፣ የታደሰ ተብሎ የሚሸጠውን፣ ከታሰበው 400 ዶላር ከግማሽ ባነሰ ዋጋ አገኘችው። 215 ግራም።

*

መሣሪያው ሰው ሲመጣ መጣ። ልጁ አንድ ማታ ሠራበት። «ፎንትስ» የሚል አቃፊ ከፍቶ አቢሲኒካ የሚባለውን ነፃ የግዕዝ ፊደል አስገባ። ኬኦሪደር የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫነ፤ ባዶ ጠርዝ ራሱ ይቆርጣል። ፎቶው ቀጥ ብሎ ከተነሳ ደግሞ ቃላቱን አንድ በአንድ ቆርጦ፣ አጉልቶ፣ መልሶ ይደረድራቸዋል። ቃሉን እንደ ሥዕል ስለሚያየው አማርኛ ነው፣ ቻይንኛ ነው ብሎ አይጠይቅም። ገጹ ተጣሞ የተነሳ ከሆነ ግን ይቀባዥራል።

ሁሉም ነገር አልተሳካም። ጋዜጣ በአራት ዓምድ ስለሚመጣ አስቸጋሪ ነው። ፎቶግራፍ ያላቸው መጻሕፍት ጥላሸት ይመስላሉ። የድሬ ሙቀትም አለ፤ በብዙ መሣሪያዎች መመሪያ ላይ የሚሠሩበት ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው የሚባለው፣ ስለዚህ በግንቦት ፀሐይ ምንጣፍ ላይ ረስቶት መግባት የለም። ኒሟ ሥር ይነበባል፣ ሲያበቃ ቤት ይገባል።

ትልቁ ክርክር ግን ስለ ዕቃው አልነበረም። ልጁ በደግነቱ ከቴሌግራም የሰበሰባቸውን ብዙ መቶ ፒዲኤፎች ሊጭንላቸው ፈልጎ ነበር። ሙሴ የመጀመሪያዎቹን ስሞች አዩና ቆም አሉ።

«ይሄ ሰውዬ በሕይወት አለ እኮ።»

«አለ።»

«ታዲያ ምን አገኘ?»

ልጁ ዝም አለ። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ይህን ሳናውቅ ቀርተን አይደለም የምናወርደው። ሙሴም ቢሆኑ ጻድቅ አይደሉም፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስ ያው ሲያነቡ የነበረው ከዚያው ነው፣ ደብተራቸው ይመሰክራል። ግን የደራሲውን ስም በትልቅ ፊደል ሲያዩት ነገሩ ተለየባቸው። በስምምነት ጨረሱ፦ መጀመሪያ የራሳቸው መደርደሪያ ላይ ያሉት፣ በየወር ደመወዛቸው የገዟቸው አርባ ምናምን መጻሕፍት ይነሱ። «የገዛሁትን ለዓይኔ ማጉላት ሌብነት ነው የሚለኝ ካለ ይምጣ፣» አሉ። ልጁ አሁን እሑድ እሑድ ይመጣል፤ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ ስልኩን ከላይ በእንጨት አስሮ፣ ገጽ በገጽ ቀጥ አድርጎ ያነሳል። አንዱን ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ግማሽ ቀን! እዚህ ላይ ነው የሚያናድደው። ያ መጽሐፍ አዲስ ከሆነ ማተሚያ ቤት ሳይገባ በፊት ኮምፒውተር ላይ ነበር። ፊደሉ ፊደል ነበር። ደራሲው ወይም አሳታሚው ያንኑ ፋይል በዩኒኮድ ኢፐብ አድርጎ፣ ከወረቀቱ ባነሰ ዋጋ ቢሸጥ፣ ሙሴ ይገዙ ነበር፤ ቶሮንቶ ያለችው ልጅም ትገዛ ነበር። እኛ ግን ፊደል የነበረውን ወረቀት እናደርገዋለን፣ ወረቀቱን ፎቶ እናነሳዋለን፣ ፎቶውን እንሰርቀዋለን፣ ከዚያ ትውልዱ አያነብም እንላለን። አሳታሚዎች «ኢፐብ ከሸጥን ይሰረቃል» ይላሉ። ወረቀቱም እኮ ተሰርቋል። ልዩነቱ የተሰረቀው ብቻ መኖሩ ነው፤ ከፍሎ በትልቅ ፊደል ማንበብ የሚፈልገው ሰው የሚገዛው የለውም።

መሣሪያ ለመግዛት ያሰባችሁ እንግዲህ ደብተር ግዙ፣ እሱ ይቀድማል። ሳምንት ጻፉ። የምታነቡት ፎቶ ፒዲኤፍ ከሆነ ማስመሪያ አውጡ፤ የጽሑፉን ስፋት ለኩ፣ የስክሪኑን ስፋት ለኩ፣ አካፍሉ። እንግሊዝኛ ልብወለድ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ርካሹ ባለ 6 ኢንች ይበቃችኋል። ቢሮ የሚሰጣችሁን ሙሉ ገጽ ሰነድ እየጫራችሁ የምታነቡ ከሆነ ትልቁን ግዙ፣ ገንዘቡ አይቆጭም። ለአባታችሁ ከሆነ ደግሞ ጣታቸውን ዳብሱ።

*

ደብተሩን ያየችው ልጅ ያን ማታ ከሥራ ስትወጣ ደወለች። ስለ ዋጋ አላወራችም። «አባዬ፣ በየቀኑ ለእነሱ እንደምታነብላቸው አላውቅም ነበር፣» አለች። ሙሴም «ጠይቀሽኝ አታውቂም» ሊሉ ነበር፤ ተዉት። «ዞላን ላንብብልሽ?» አሏት። ከፈረቃ የወጣች፣ እንቅልፍ ያላየች ሴት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ አራት ገጽ ሰማች።

ከሰዓት በኋላ ኒሟ ሥር ምንጣፉ ይነጠፋል። መሣሪያው ተጋድሞ በሙሴ ግራ እጅ ይያዛል፣ አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ። ዓይኑን ያጣው ጓደኛ ነገሩን ቶሎ ለምዶታል። ቁልፉ ሲጫን ትንሽ ድምፅ አላት፤ ሁለት ጠቅታ አንድ ገጽ እንደሆነ ቆጥሮ ደርሶበታል። ሙሴ ዓይናቸውን ለማሳረፍ ዝም ሲሉ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል።

«አቦ ሙሴ፣ አንድ ጠቅ ይቀርሃል። ገጹን ጨርስልን።»